2147483647፦ ጥቅም የለውም የተባለው ቁጥር

2 ቢሊዮን 147 ሚሊዮን 483 ሺህ 647 ባለ 10 አኃዝ ሙሉ ቁጥር ነው። ከ1 እና ከራሱ በስተቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሌላ ሙሉ ቁጥር የለም። ይህ ጠባዩ በማያሻማ ሁኔታ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ በ1772 ሲሆን፣ በዘመኑ ከታወቁት መሰል ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ነበር።

እ.ኤ.አ በ1811 አንድ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ የዚህ ዓይነት ቁጥሮች የማወቅ ጉጉትን ከማርካት ባለፈ የሚሰጡት ጥቅም እንደሌለ ጽፎ ነበር። ይሁን እንጂ ይኸው ቁጥር ከመቶ ሃምሳ ዓመታት ገደማ በኋላ በዓለም ላይ በሚገኙ እጅግ በርካታ ኮምፒዩተሮች ውስጥ የመቁጠሪያ ወሰን ሆኖ ተገኝቷል። የጊዜ አቆጣጠራቸው በዚሁ ቁጥር የተገደበ መሣሪያዎች አስቀድሞ ካልታረሙ፣ በጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም ማለዳ ሰዓታቸው ይዛባል።

ከአንድ ሳንቲም ወደ 21 ሚሊዮን ብር

የቁጥሩን አመጣጥ በቀላል ምሳሌ መረዳት ይቻላል። አንድ ሰው በመጀመሪያው ቀን 1 ሳንቲም፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 4፣ በአራተኛው 8 ሳንቲም እያለ በየዕለቱ የቀደመውን ቀን እጥፍ ቢያስቀምጥ፣ በ31ኛው ቀን ማታ ጠቅላላ ቁጠባው 2147483647 ሳንቲም ይሆናል። ይህም 21 ሚሊዮን 474 ሺህ 836 ብር ከ47 ሳንቲም ማለት ነው። በመጨረሻው ቀን ብቻ የሚቀመጠው ገንዘብ ከዚያ በፊት በነበሩት 30 ቀናት ከተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ሳንቲም ይበልጣል።

በሒሳብ አገላለጽ ቁጥሩ 31 ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው ከውጤቱ ላይ 1 ሲቀነስ የሚገኝ ነው። 31 የቁጥሩ ርቢ ይባላል። ኮምፒዩተሮች እንደሚያደርጉት በ0 እና በ1 ብቻ ሲጻፍ ደግሞ በመካከሉ አንድም ዜሮ ሳይገባ 31 አንዶች ተደርድረው ይታያሉ።

ማናቸውም ሙሉ ቁጥር ከእነዚህ እጥፎች ድምር ሊገኝ ይችላል። በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት የኢትዮጵያ የማባዛት ዘዴ በሚል ስም የሚጠራው፣ አንዱን ቁጥር እጥፍ እያደረጉ ሌላውን እያጋመሱ የማባዛት ስልትም የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው።

የመርሰን ቁጥሮች

ከ1 እና ከራሳቸው በስተቀር አካፋይ የሌላቸው እንደ 2፣ 3፣ 5፣ 7 እና 11 ያሉ ቁጥሮች ብቸኛ ቁጥሮች ይባላሉ። ሌሎቹ ሙሉ ቁጥሮች በሙሉ እነዚህን በማባዛት የሚገኙ በመሆናቸው፣ ብቸኛ ቁጥሮች ለቁጥር ሕንጻ እንደ ጡብ የሚቆጠሩ ናቸው። 2ን በተደጋጋሚ አባዝቶ 1 በመቀነስ የሚገኙት ቁጥሮች ደግሞ ከእ.ኤ.አ 1588 እስከ 1648 በኖረው ፈረንሳዊ መነኩሴ በማሪን መርሰን ስም የመርሰን ቁጥሮች ተብለው ይጠራሉ።

የመርሰን ቁጥር ብቸኛ እንዲሆን ርቢው ራሱ ብቸኛ ቁጥር መሆን ይኖርበታል። ነገር ግን ይህ ብቻውን በቂ አይደለም። ርቢው 2፣ 3፣ 5 እና 7 ሲሆን የሚገኙት 3፣ 7፣ 31 እና 127 ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። ርቢው 11 ሲሆን ግን የሚገኘው 2047 ነው፤ ይህም 23 በ89 ተባዝቶ የሚገኝ በመሆኑ ብቸኛ አይደለም።

ይህ ሁኔታ የቀደሙትን ሊቃውንት በተደጋጋሚ አሳስቷል። ጣሊያናዊው ፒየትሮ ካታልዲ እ.ኤ.አ በ1603 ባሳተመው ሥራው ርቢያቸው 17 እና 19 የሆኑት ቁጥሮች ብቸኛ መሆናቸውን በትክክል አረጋግጧል። ከዚህ አልፎም ርቢያቸው 23፣ 29፣ 31 እና 37 የሆኑትም እንዲሁ ናቸው ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ በ1640 ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ የ23ኛውንና የ37ኛውን፣ እ.ኤ.አ በ1738 ደግሞ ሊዮናርድ ኦይለር የ29ኛውን አካፋዮች አግኝተዋል። ከአራቱ ግምቶች እውነት ሆኖ የተገኘው የ31 ብቻ ነው።

መርሰን ራሱም እ.ኤ.አ በ1644 ባወጣው መጽሐፍ እስከ 257 ካሉት ርቢዎች ውስጥ ብቸኛ ቁጥር የሚሰጡት 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ናቸው ብሎ ነበር። 31ን በተመለከተ ያለው ትክክል ነው። ሆኖም 67 እና 257 ያለ ቦታቸው የገቡ ሲሆን 61፣ 89 እና 107 ደግሞ ተዘለዋል። አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል እ.ኤ.አ በ1903 ርቢው 67 የሆነው ቁጥር 193707721 በ761838257287 ተባዝቶ የሚገኝ መሆኑን አሳይቷል። ዝርዝሩ ሙሉ በሙሉ እስኪታረም ድረስ ከመርሰን ዘመን ጀምሮ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ወስዷል።

የኦይለር ማረጋገጫ

2147483647 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን ያረጋገጠው በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ እ.ኤ.አ በ1707 የተወለደው ሊዮናርድ ኦይለር ነው። ኦይለር እ.ኤ.አ በ1766 ከበርሊን ወደ ሩሲያዋ ሴንት ፒተርስበርግ ከተመለሰ በኋላ የዓይኑን ብርሃን ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስችል ደረጃ አጥቶ ነበር። አብዛኛውን ሥራውን በቃሉ እየተናገረ በሌሎች እጅ ያስጽፍ ነበር። የዚህን ቁጥር ውጤት ያሳወቀውም በዚሁ የሕይወቱ ዘመን፣ እ.ኤ.አ በ1772 ለበርኑሊ በላከው ደብዳቤ ነው።

አንድ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ለማረጋገጥ የተለመደው መንገድ ሊያካፍሉት የሚችሉትን ብቸኛ ቁጥሮች በየተራ መሞከር ነው። ሙከራው እስከ ቁጥሩ ድረስ መዝለቅ አያስፈልገውም። 46341 በራሱ ሲባዛ 2147488281 ስለሚሆን ከተፈላጊው ቁጥር ይበልጣል። ስለዚህ አካፋይ ካለ ቢያንስ አንዱ ከ46341 ያነሰ መሆን አለበት። ከዚያ በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ግን ከ4 ሺህ 700 በላይ ናቸው። ይህን ሁሉ ማካፈል፣ ማሽን ለሌለው ሰው ቀርቶ ለተደራጀ የስሌት ጓድም ከባድ ሥራ ነው።

ኦይለር ይህን ድካም በሁለት ሕጎች ቀነሰው። የመጀመሪያው፣ የመርሰን ቁጥር ብቸኛ አካፋይ ሁሉ ለርቢው እጥፍ ሲካፈል 1 ይተርፈዋል የሚል ነው። እዚህ ላይ የ31 እጥፍ 62 ነው። ሁለተኛው፣ አካፋዩ ለ8 ሲካፈል የሚተርፈው 1 ወይም 7 ብቻ ነው የሚል ነው። ቀደም ሲል የተጠቀሰው 2047 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አካፋዮቹ 23 እና 89 ለ22 ሲካፈሉ ሁለቱም 1 ይተርፋቸዋል፤ ለ8 ሲካፈሉ ደግሞ 23 ላይ 7፣ 89 ላይ 1 ይተርፋል።

ሁለቱ ሕጎች ሲጣመሩ፣ የ2147483647 አካፋይ ሊሆን የሚችለው ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 የሚተርፈው ቁጥር ብቻ ይሆናል። እስከ 46340 ድረስ፣ ራሱን 63ን ትተን፣ ይህን መስፈርት የሚያሟሉት 372 ቁጥሮች ናቸው። ከእነዚህም ብቸኛ የሆኑት ከ100 ያነሱ ናቸው። ከመካከላቸው የመጀመሪያው 311 ሲሆን፣ ተፈላጊው ቁጥር ለዚህ ሲካፈል 35 ይተርፋል። የቀሩትም እንዲሁ እየተሞከሩ አንዳቸውም ያለ ቀሪ ሊያካፍሉት ባለመቻላቸው የቁጥሩ ብቸኝነት ተረጋገጠ። በዚህም በቅደም ተከተል ስምንተኛው የመርሰን ብቸኛ ቁጥር ሆነ።

ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር

የዚህ ውጤት ጠቀሜታ በዘመኑ የታየው ከጥንት ጀምሮ ከሚታወቀው የፍጹም ቁጥሮች ጥያቄ ጋር ተያይዞ ነው። ፍጹም ቁጥር የሚባለው ከራሱ በስተቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን መልሰው የሚሰጡት ቁጥር ነው። 6 የ1፣ የ2 እና የ3 ድምር ነው። 28ም የ1፣ የ2፣ የ4፣ የ7 እና የ14 ድምር ነው።

ግሪካዊው ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ እያንዳንዱ የመርሰን ብቸኛ ቁጥር አንድ ፍጹም ቁጥር እንደሚያስገኝ አሳይቷል። ኦይለር ደግሞ ተጋማሽ የሆኑ ፍጹም ቁጥሮች በሙሉ በዚሁ መንገድ ብቻ የሚገኙ መሆናቸውን አረጋገጠ። በዚህ መሠረት 2147483647 በ1073741824 ሲባዛ ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር ይገኛል። እርሱም 2305843008139952128 ነው፤ 19 አኃዞች አሉት። ተጋማሽ ያልሆነ ፍጹም ቁጥር ይኑር ወይም አይኑር ግን እስካሁን መልስ ያላገኘ የሒሳብ ጥያቄ ነው።

የባርሎው ግምት

እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው እ.ኤ.አ በ1811 ስለ ቁጥሮች ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን ስምንተኛ ፍጹም ቁጥር ጠቅሷል። በእርሱ አስተያየት ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር ወደፊት አይገኝም፤ ቁጥሮቹ አስገራሚ ከመሆናቸው በቀር ጥቅም ስለሌላቸው ተጨማሪ ለመፈለግ የሚደክም ሰው አይኖርም የሚል ነበር።

ግምቱ በሁለት በኩል ስህተት ሆኖ ተገኝቷል። በመጀመሪያ ደረጃ ፈላጊ አልጠፋም። ፈረንሳዊው ኤዱዋርድ ሉካ እ.ኤ.አ በ1876 ርቢው 127 የሆነውና 39 አኃዞች ያሉት የመርሰን ቁጥር ብቸኛ መሆኑን አሳወቀ። ሉካ የተጠቀመበትና በኋላም በአሜሪካዊው ዴሪክ ሄንሪ ሌመር የተሻሻለው ዘዴ አካፋዮችን በየተራ መሞከርን አስቀርቷል። ከ4 ተነስቶ ቁጥሩን በራሱ በማባዛትና 2 በመቀነስ 14፣ 194፣ 37634 እያለ ይቀጥላል። ከርቢው በ2 ያነሱ እርምጃዎች ሲጠናቀቁ የተገኘው ቁጥር በሚመረመረው የመርሰን ቁጥር ያለ ቀሪ ከተካፈለ ቁጥሩ ብቸኛ ነው። ለምሳሌ ርቢው 5 ለሆነው ለ31 ሦስት እርምጃዎች ይበቃሉ፤ 37634 ለ31 ሲካፈል 1214 ደርሶ ቀሪ የለውም። ለ2147483647 የሚያስፈልጉት 29 እርምጃዎች ብቻ ናቸው።

ይኸው ዘዴ በኮምፒዩተር ታግዞ የፍለጋውን አድማስ እጅግ አስፍቷል። እ.ኤ.አ በጥቅምት 2024 ይፋ የሆነው 52ኛው የታወቀ የመርሰን ብቸኛ ቁጥር ርቢው 136279841 ሲሆን፣ 41 ሚሊዮን 24 ሺህ 320 አኃዞች አሉት።

ርቢው ራሱ 2147483647 የሆነው የመርሰን ቁጥርም ተመርምሯል። 3፣ 7፣ 31 እና 127 ርቢ ሲሆኑ የሚገኙት ቁጥሮች ብቸኛ በመሆናቸው ሂደቱ ይቀጥላል የሚል ተስፋ ሊያሳድር ይችል ነበር። ይህኛው ግን 295257526626031 አካፋዩ መሆኑ ስለተደረሰበት ብቸኛ አይደለም። ቁጥሩ ከ600 ሚሊዮን በላይ አኃዞች ያሉት ቢሆንም አካፋዩ የተገኘው ከላይ በተገለጸው የመጀመሪያው ሕግ በመመራት ነው።

ወደ ኮምፒዩተር የገባው ወሰን

የባርሎው ሁለተኛው ስህተት ጥቅምን የሚመለከተው ነው። ኮምፒዩተር ቁጥርን የሚያስቀምጠው ቢት በሚባሉ 0 ወይም 1 በሚይዙ ቦታዎች ነው። ለረጅም ጊዜ የተለመደው የ32 ቢት አቀማመጥ ሲሆን፣ አንዱ ቢት ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ወይም በታች መሆኑን ለማመልከት ይውላል። የቀሩት 31 ቢቶች በሙሉ 1 ሲሆኑ የሚነበበው ቁጥር 2147483647 ነው። ስለሆነም በዚህ አቀማመጥ ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር ይኸው ነው። በላዩ ላይ 1 ቢደመር በብዙ ማሽኖች ላይ ውጤቱ ከዜሮ በታች 2147483648 ሆኖ ይገኛል።

ወሰኑ ብቸኛ ቁጥር ላይ መውደቁ አጋጣሚ ነው። የ16 ቢት ወሰን የሆነው 32767 የ7፣ የ31 እና የ151 ብዜት ነው። የ64 ቢት ወሰን የሆነው 9223372036854775807ም ለ7 ይካፈላል። ይሁንና አጋጣሚው ጠቃሚ ሆኗል። ከእ.ኤ.አ 1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኮምፒዩተር የዕጣ ዓይነት ቁጥሮችን ለማውጣት ሲሠራበት የቆየ አንድ ዘዴ፣ የያዘውን ቁጥር በ16807 አባዝቶ ለ2147483647 ካካፈለ በኋላ ቀሪውን ይወስዳል። ከ1 ተነስቶ 16807፣ 282475249፣ 1622650073 እያለ ይሄዳል። አካፋዩ ብቸኛ ቁጥር፣ ማባዣውም በጥንቃቄ የተመረጠ በመሆኑ፣ ቅደም ተከተሉ ራሱን የሚደግመው ከ1 እስከ 2147483646 ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ አንድ በአንድ ካዳረሰ በኋላ ነው። ዘዴው ለምስጢር ጥበቃ የማይበቃ ቢሆንም ለሳይንሳዊ ሙከራና ለናሙና መረጣ ለብዙ ዓመታት አገልግሏል።

ወሰኑ ሲጣስ

ወሰኑ የተዘነጋባቸው አጋጣሚዎችም አሉ። እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2014 ጋንግናም ስታይል የተባለው የደቡብ ኮሪያ ሙዚቃ በዩቲዩብ የታየበት ብዛት ወደዚህ ቁጥር በመድረሱ የድረ ገጹ ቆጣሪ ወደ 64 ቢት እንዲሰፋ መደረጉ ተገልጿል።

ከበድ ያለው ምሳሌ የሚገኘው በአቪዬሽን መስክ ነው። እ.ኤ.አ በ2015 የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የቦይንግ 787 አውሮፕላኖችን የሚመለከት መመሪያ አወጣ። አውሮፕላኑ ለ248 ቀናት ያለማቋረጥ ኃይል ሳይቋረጥበት ከቆየ በጄኔሬተሮቹ መቆጣጠሪያ ውስጥ ያለው የሶፍትዌር ቆጣሪ እንደሚሞላና የተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ኃይል ሙሉ በሙሉ ሊቋረጥ እንደሚችል አመለከተ። የሰከንድ አንድ መቶኛ እየተቆጠረ 2147483647 ላይ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ 248 ቀን ተኩል ያህል ነው። ችግሩ የተደረሰበት በቤተ ሙከራ ሲሆን፣ መፍትሔውም ከዚያ ጊዜ በፊት ኃይሉን አጥፍቶ ማብራትና በኋላም ሶፍትዌሩን ማስተካከል ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ በ2012 ይህን የአውሮፕላን ዓይነት በመረከብ ከአፍሪካ ቀዳሚ እንደነበር ይታወሳል።

ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም

ከሁሉም ሰፊ የሆነው ጉዳይ የጊዜ አቆጣጠር ነው። ዩኒክስ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓትና ከእርሱ የተወረሱ በርካታ ሥርዓቶች ጊዜን የሚለኩት እ.ኤ.አ ከጥር 1 ቀን 1970 መግቢያ እኩለ ሌሊት ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በመቁጠር ነው። መነሻው በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት የሚሰላ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይውላል። በቀደሙት ሥርዓቶች ይህ ቆጠራ የሚቀመጠው በ32 ቢት ነበር።

ቆጠራው 2147483647 ላይ የሚደርሰው እ.ኤ.አ ጥር 19 ቀን 2038 ነው። በአዲስ አበባ ሰዓት ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ይሆናል። ዕለቱ የጥምቀት በዓል ሲሆን፣ ሰዓቱም ታቦታት በባሕረ ጥምቀቱ አድረው ምእመናን ለጸሎት የሚሰበሰቡበት ማለዳ ነው። ከዚያ ቀጥሎ በሚመጣው ሰከንድ ያልታረመ መሣሪያ ቆጠራው ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ቀኑን ወደ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም ምሽት፣ ማለትም ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ይመልሰዋል።

ጉዳቱ የግድ ያን ዕለት ብቻ የሚታይ አይደለም። ፍጻሜው ከዚያ ቀን በኋላ የሚውል የረጅም ጊዜ ብድር፣ የጡረታ ስሌት ወይም የውል ዘመን የሚያሰላ ፕሮግራም አስቀድሞ ሊሳሳት ይችላል። መፍትሔው ቆጠራውን ወደ 64 ቢት ማስፋት ሲሆን፣ ይህም ለ292 ቢሊዮን ዓመታት ያህል ይበቃል። ዘመናዊ ኮምፒዩተሮችና ስልኮች በአብዛኛው ይህን ያሟላሉ። ሊኑክስ የተባለው ሥርዓትም በ32 ቢት ማሽኖች ላይ ሳይቀር ከወሰኑ ማለፍ የሚያስችለውን ማሻሻያ እ.ኤ.አ በ2020 በወጣው 5.6 በተሰኘው እትሙ አካቷል።

አሳሳቢ ሆነው የሚቀሩት አንዴ ከተተከሉ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሳይነኩ የሚሠሩት ናቸው። የፋብሪካ መቆጣጠሪያዎች፣ የኤሌክትሪክና የውኃ መለኪያዎች፣ የመገናኛ መሣሪያዎችና የቆዩ የመረጃ ቋቶች ከእነዚህ መካከል ይመደባሉ። መሣሪያ የሚገዙ ተቋማት የጊዜ ቆጠራው በስንት ቢት እንደሚቀመጥ አስቀድመው መጠየቅ፣ በእጃቸው ያሉትንም ከአገልግሎት ውጭ በሆነ ቅጂ ላይ ሰዓቱን ወደ 2038 አሻግረው መሞከር ይችላሉ። ችግሩ የሚደርስበት ሰከንድ ከወዲሁ በትክክል የታወቀ መሆኑ ለዝግጅት ያመቻል።

ኦይለር በ1772 አካፋይ ሲፈልግለት የነበረው ቁጥር የሰዓት ቆጠራ ወሰን ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ባርሎውም ጥቅም የለውም ሲል በዘመኑ ከሚታየው በመነሳት ነው። ቁጥሩ ግን በሁለቱም ዘመን ያው ነው፤ የተለወጠው ሰዎች የሚሠሩበት ነገር ነው። ያለ ጥቅም የተጠና የሒሳብ እውነት መቼና የት እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ መወሰን አስቸጋሪ መሆኑን 2147483647 በግልጽ ያሳያል።